የሰማይ ዳርቻ በኮላ ተለጥፎ

ፉከራ አይሁንብኝና፣ ከጊንጆ እስከ አጋሮ ባለው አገር የባሕሩንም የሰማዩንም የነፍሳቱንም ምሥጢር እንደ እኔ አገላብጦ ያነበበ ሰው የለም። እናንተ ዓሣ ነባሪ ሲባል ስሙን ነው የምታውቁት፤ እኔ የምላሱን ክብደት አውቃለሁ። ጉንዳን ከራሱ ስንት እጥፍ እንደሚሸከም፣ ጨረቃ ለምን አንድ ፊቷን ብቻ እንደምታሳየን፣ ንብ አበባ ያለበትን ቦታ ለጓደኞቿ እንዴት በጭፈራ እንደምትጠቁም ጠይቁኝና ቡናችሁ እስኪቀዘቅዝ ላውራችሁ። ደረቴን ነፍቼ በዚሁ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ይህን ጽሑፍ የሚያውቁኝ ሰዎችም ሊያነቡት ስለሚችሉ አንዲት ነገር ቶሎ ላስተካክል። ያነበብኩት አንድ መጽሐፍ ነው። እሱንም ሙሉውን አይደለም፤ ከስምንት ክፍሉ ሰባቱን። ከሰባቱም የጉንዳኑን ክፍል ደጋግሜ ያነበብኩት ጉንዳን ወድጄ ሳይሆን ተከታዩ ክፍል ደዶ ከተማ ሄዶ አልመለስ ስላለኝ ነው።

መጽሐፍ እንዴት ደዶ ይሄዳል የምትሉ ታገሡኝ። መጀመሪያ ንዴቴን ላውጣ፣ አለዚያ ጨጓራዬን ይልጠዋል።

ባለፈው ሰሞን አባ ከድርን ልሰናበት ወጣሁ። አባ ከድር ዕድሜ ልካቸውን ጊንጆ ውስጥ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ አሁን እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከቤት የማይወጡ ሽማግሌ ናቸው። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው መጥታለች፤ በማግስቱ ጧት ለሕክምና ልትወስዳቸው ነው። እሳቸው ግን ስለ ሕክምናው ማውራቱን ትተው ጎረቤቱን ሁሉ «አፉ በሉኝ» እያሉ ነው፤ እመለሳለሁ የሚል ሰው አነጋገር አይደለም። ባዶ እጄን ከምገባ ኬክ ቢጤ ላስጠቅልል ብዬ መንገድ ላይ አዲስ የተከፈተ ካፌ ገባሁ። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በመጽሐፍ ተሞልቷል። ልቤ ዘለለ። ጊንጆ ውስጥ ሰው መጽሐፍ ደርድሮ ማኪያቶ ይሸጣል፤ ለካ ዓለም ጨርሳ አልጠፋችም አልኩ። ሄጄ አንዱን ሳብ ባደርገው አልወጣ አለ። ሌላውን ያዝኩ፤ እሱም። በሁለት እጄ ብጎትት መደርደሪያው በሙሉ ሲጥ አለ እንጂ መጽሐፉ ንቅንቅ አላለም።

«አይወጣም ጋሼ» አለችኝ ከሒሳብ መቀበያው በኩል አንዲት ወጣት። ሐናን ትባላለች፤ ካፌው የእሷ ነው።

«ለምንድነው የማይወጣው?»

«ተለጥፎ ነዋ። በኮላ። ዲኮር ነው።»

«ሰው ማንበብ ቢፈልግስ?»

ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ልታስቀይመኝ አልፈለገችም። «እስካሁን ማንም ፈልጎ አያውቅም» አለችኝ።

በኮላ። እስቲ ይታያችሁ። ሰው ዓይኑ እስኪጠፋ ጽፎት፣ ሌላው ሰው በእጁ ፊደል ለቅሞ አትሞት፣ ስንቱ ሰው ትራሱ ሥር አድርጎ ተኝቶበት የኖረ ነገር በአናጢ ኮላ ጣውላ ላይ ተጣብቋል። ነጩ ከነጭ፣ ቀዩ ከቀይ ጋር ነው የተደረደረው፤ ርእሳቸው መልኩን አበላሸ የተባሉት ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆመዋል። ሁለት ልጆች ከፊቱ ቆመው ስልክ ወደ ላይ አንሥተው ከንፈራቸውን ያሞጠሙጣሉ። ይህ ማለት በግ አርዶ ሥጋውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከፊቱ ሽሮ እንደ መብላት ነው። ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ሁለቱ ልጆች ዞር ብለው አዩኝና እኔንም በስልካቸው አነሡኝ። በዚያው ቅጽበት ነው ዓይኔ መደርደሪያው መሐል፣ ብቻውን ቦታ ተሰጥቶት የቆመ አንድ ነገር ላይ ያረፈው። የጆንያ ጨርቅ የለበሰ፣ እንደ ትራስ ልብስ ክዳን ያለው፣ በትልቅ የካፖርት ቁልፍ የተቆለፈ። ዳር ዳሩ በአረንጓዴ ክር ተዘምዝሟል። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። የቡና ገለፈትና የናፍጣ ሽታ። ቅርቡ ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ማለት፣ ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ የሱሪ እግር የጫማውን አፍንጫ ሸፍኖ መንገድ ይጠርግ የነበረበት ጊዜ ነው። መንግሥቱ የትኛው እንደነበር እናንተ ገምቱ፤ እኔ የማስታውሰው የሱሪውን ስፋት ነው። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ቦምቦሊኖ የተጨመረበት ቀን ራሳችንን እንደ ባለሀብት እንቆጥር ነበር። የአባ ከድር ሱቅ የመንገዱ ጥግ ላይ፣ አቮካዶ ዛፍ ሥር ነበረች። በክረምት አቮካዶው ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ደንበኛ ሁሉ ከመቀመጫው ይዘላል፤ አባ ከድር ግን መርፌያቸውን አያነሡም። ማዶ ሻይ ቤቱ ሬዲዮ አለው። እሳቸው በሬዲዮኑ ዘፈን ምት ነው ፔዳሉን የሚረግጡት፤ ለስለስ ያለ ዘፈን የወጣ ቀን የተሰፋ ሱሪ እንደ ክር ቀጥ ይላል፤ የሠርግ ዘፈን የወጣ ቀን የተሰፋው ግን ባለቤቱን ወደ ግራ ይወስደዋል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ግራ ሄጃለሁ።

መጽሐፉን የሰጣቸው ከመሐል አገር መጥቶ ሲያስተምር የነበረ አንድ መምህር ነው። ሲዛወር ሻንጣው አልዘጋ አለው፤ ምን ላውጣ ቢል ከሁሉም የከበደው መጽሐፉ ሆነና ኮት ሊያሳጥር የመጣ ዕለት ጠረጴዛቸው ላይ ትቶት ሄደ። ጡብ የሚያህል ነው። ሽፋኑና የፊተኞቹ ገጾች ቀድመው ጠፍተዋል፤ ማን እንደ ጻፈው ዛሬም አላውቅም። ግን ሥዕሉ። ባሕር አይተን የማናውቅ ሰዎች የባሕር ወለል አየን። የዝንብ ዓይን እንደ ማር እንጀራ ተሰንጥሮ፣ የሰው ጆሮ ውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ፣ የዛፍ ግንድ ተቆርጦ ዕድሜው ሲነበብ። ጸሐፊው ደግሞ የሚገርም ሰው ነበር። አንድ ነገር በዝርዝር ያስረዳህና መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ እንደ ሕፃን ይደነቃል፤ ይህን የሠራው እንዴት ያለ ነው ይልሃል። የትኛው መስጊድ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ሳይል። ዛሬ ስለ ተፈጥሮና ስለ እምነት ተጻፈ የሚባለውን ገልጬ ሳይ የምናደደው ለዚህ ነው። አንዱ አንበሳ ቀሚስ አልብሶ ይሰብክብሃል፤ ሌላው አማኝ ሁሉ ደንቆሮ ነው ብሎ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ያላመነውን ሁሉ ገሃነም ይከታል። አንዳቸውም ንቧን ቁጭ ብለው አላዩአትም። የኛ ሰው ንቧን አይቶ ሲያበቃ ነው አፉን የሚከፍተው።

አባ ከድር የቁርኣኑን ፊደል እንጂ የኛን ፊደል አልተማሩም። ሥዕሉን ሲያገላብጡ ይውሉና ጽሑፉ ምን እንደሚል ለማወቅ ይቃጠላሉ። በመጀመሪያ መጽሐፉን ሙሉውን ለአንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ አዋሱት። ያ ሰው አንድ ገጽ ሳይገልጥ ክረምቱን ሙሉ ይዞት ከረመ። ሌላው ተራ ጠባቂ ሱቁ በር ላይ ይጨቃጨቃል፤ የአጋሮ ሰው ይመጣል፣ የደዶ ሰው ይመጣል፣ አንድ መጽሐፍ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ። ሲመለስላቸው አባ ከድር አንድ ጠዋት ትልቁን መቀስ አነሡና ልብስ ሰፊ የሚያደርገውን አደረጉ። ጠረጴዛው ላይ አስተኙት፣ በጣታቸው ለኩት፣ ቆርጠው ስምንት ቦታ ከፈሉት።

ጊንጆ ተንጫጫ። የመጽሐፍ አንገት ተቆረጠ ተባለ። ያ ክረምቱን ሙሉ ደብቆት የከረመው ጸሐፊ ከሁሉ በላይ ጮኸ፤ «ይሄ እኮ ወንጀል ነው፣ አባ ከድር» እያለ ራሱን ይዞ ሲመላለስ አየሁት። አባ ከድር ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«ሙሉ ጣቃ የሚለብስ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሉት። «ጨርቅ ሲቆረጥ ነው ልብስ የሚሆነው።»

እያንዳንዱን ክፍል በቡና ጆንያ ጨርቅ አለበሱት፤ ዝናብ እንዳያገኘው ክዳን አበጁለት፤ ቁልፍ ተከሉለት። ፊደል ስለማያነቡ የሚለዩት በክሩ ነው፤ የመጀመሪያው ነጭ፣ የጉንዳኑ ቡኒ፣ የባሕሩ ሰማያዊ፣ የመጨረሻው ስምንተኛው አረንጓዴ። ከዚያ በቡና ጭነት መኪና ላይ እየተጫነ በየከተማው ዞረ። አጋሮ የባሕሩ ክፍል ደርሷት ነበርና የአጋሮ ሰው አንድ ሰሞን ከዓሣ ነባሪ በቀር ወሬ አልነበረውም፤ ቡና ሲመዝኑ እንኳ «ይህ ኩንታል ለዓሣ ነባሪ ጉርሻ አይሆንም» ይባባሉ ነበር። ደዶ ደግሞ ከዋክብቱ ደረሷት። የደዶ ሰው ሐሙስ ገበያ መጥቶ ድንች ሲሸጥ ሽቅብ እያየ ነው መልስ የሚሰጥህ። ማን የትኛውን ክፍል እንደ ያዘ ካነጋገሩ ታውቀዋለህ። አንድ ሙሉ ሰው ለመሆን ስምንት ከተማ ያስፈልግ ነበር።

ኪራዩስ? ኪራዩ ወሬ ነው። ክፍልህን ስትመልስ ከማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ያነበብከውን ለአባ ከድር ትነግራለህ። ወሬህ ከጣማቸው እግራቸው ፔዳሉ ላይ ይቆማል፤ ማሽኑ ጸጥ ይላል። ካልጣማቸው ረገጥ ረገጥ ያደርጉና ድምፅህን በማሽኑ ጩኸት ይውጡታል። እኔ ከውርደት የሚከፋብኝ ያ ጩኸት ነበር። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ጨመር አደርግ ነበር። ቁንጫ የሰው ያህል ብታድግ ከጊንጆ ተነሥታ የኛን መርካቶ ዘላ ደዶ ታርፋለች አልኩ። እግራቸው ቆመ። ዓሣ ነባሪ ሲያዛጋ አጋሮ ከነመጋዘኗ ትገባለች አልኩ። እግራቸው ቆመ፤ ከኋላ ሱሪውን የሚጠብቀው ሰው ግን ሠርጉ በማግሥቱ ነበርና «ኧረ ይህን ልጅ ከዚህ አባርሩልኝ» ብሎ ለመነ። አባ ከድር መጨመሬን ያውቃሉ። በኦሮምኛ ውሸት ኪጂባ ነው፤ ስሜን ትተው ኪጂባ ይሉኝ ጀመር። «ና ኢልማ ኮ፣ ና ልጄ፣ ና አንተ ኪጂባ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አመጣህ» ይላሉ፣ በርጩማውን በእግራቸው ወደ እኔ እየገፉ።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አባ ከድር የቆረጡት በውፍረቱ ነው እንጂ በምዕራፉ አይደለም። መቀሱ ያረፈበት ቦታ አረፈ። ሌሎቹ ክፍሎች የተቆረጡት ቦታ ብዙም አልጎዳንም፤ ግማሽ ጉንዳን እዚህ፣ ግማሽ ጉንዳን እዚያ ቢሆን ተከታዩን ስታገኝ ትገጥመዋለህ። ሰባተኛው ግን የከዋክብቱ ነው። ጸሐፊው ከፀሐይ ይዞህ ይነሣና እያራቀ፣ እያራቀ፣ ጭንቅላትህ እስኪዞር ወስዶህ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከዚህ ሁሉ ከዋክብት ባሻገር ያለው ግን»። አለቀ። ቀሪው ስምንተኛው ላይ ነው። ስምንተኛው ደግሞ ገና ተሰፍቶ ማንም ሳያነበው ወደ አጋሮ ተጭኖ ሄዷል።

አጋሮ «አልደረሰንም» አለች። ጊንጆ «ደብቃችሁት ነው» አለች። እናንተ ይህን ቀላል ነገር እንዳታደርጉት። ሰው ሠርግ ተጠርቶ አጋሮ ሄዶ ሥጋው ሳይቀርብ «ባሻገር ያለው ምንድነው? ንገሩንና እንብላ» እስከ ማለት ደርሶ ነበር። በአባ ከድር ሱቅ በር ላይ በየቀኑ ክርክር ነው። የመስጊዱ ደረሳ ዐርሹ፣ የአላህ ዙፋኑ ነው ይላል፤ ዲያቆኑ ጽርሐ አርያም ነው ይላል፤ የሳይንስ መምህሩ ሌላ ከዋክብት ነው፣ ከዚያም ሌላ ይላል። የቡና መኪናው ሹፌር ጀማል፣ ያን ክፍል ወደ አጋሮ የጫነው ራሱ፣ «እኔ ሌሊት የምነዳ ሰው ነኝ፤ ከመብራት ባሻገር ያለው ጨለማ ነው፣ ሌላ ምን ይኖራል» ይል ነበር። ክፍሉን የት አደረስከው ሲባል «አጋሮ መጋዘን አራግፌዋለሁ» ብሎ ይምላል፤ ከልቡም ነበር የሚምለው። እነዚህ ሰዎች ሲከራከሩ አንዱ ሌላውን አልሰደበም፤ ምሽት ሲሆን ወደየጸሎታቸው ይሄዱና በማግሥቱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ዛሬ ቢሆን ኖሮ እስከ ምሳ ሰዓት ስልክ ላይ ተሰዳድበው ተጠፋፍተው ነበር።

አባ ከድር ብቻ አይከራከሩም። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ሲበተን ብቻቸውን መቀሱን እያገላበጡ አገኘኋቸው። «ሌላ ስንት ቦታ እያለ» አሉኝ፣ «ይሄ መቀስ ሄዶ ሄዶ እዚህ ላይ አረፈ። አላህ የተናገረውን ነገር ቆርጬ ይሆን?» ስለ ቁንጫ ጀመርኩ። እግራቸው አልቆመም። ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሄዱ፤ ሱሪው ጠበበ፣ እንደገና ሰፋ፣ እንደገና ጠበበ። ሰባቱ ክፍሎች በእጅ ብዛት አለቁ፤ መጽሐፍ ማለቅ ያለበት እንደዚያ ነው። አባ ከድር ግን በየዓመቱ አጋሮ ደርሶ የመጣ ሰው ሲያገኙ «አረንጓዴ ክር አላየህም?» ማለታቸውን አልተዉም።

አረንጓዴው ክር ይኸው፣ ካፌ ውስጥ፣ በኮላ።

«ይህን ከየት አመጣሽው?» አልኳት ሐናንን።

«የአያቴ ትራስ ነው» አለች። «አባባ ጀማል፣ ሹፌሩ። ያውቁት ይሆናል። ጀርባውን ስለሚያመው መኪናው ወንበር ላይ ያደርገው ነበር። ሲሞት ከዕቃው ጋር አገኘነው። ቪንቴጅ ነው፣ የድሮ ነገር፤ ሰው ይወደዋል።»

ሰማችሁ? የሰማዩን ዳርቻ ተቀምጦበት ነው የኖረው። እኛ እዚህ ስንከራከር፣ አጋሮና ጊንጆ ሲኮራረፉ፣ እሱ በዚያ ላይ ተደላድሎ ቡና ያመላልሳል፤ ወርዶም ከእኛ ጋር ይከራከራል። ጆንያው ስለ ደረበው ለስለስ ብሎት ትራስ ነው ብሎ ረስቶት መሆን አለበት። ተነሥቼ ቁልፉን ፈታሁ። ሐናን «ምን ያደርጋሉ ጋሼ» ብላ ስትመጣ ክዳኑን ገለጥኩት። ወረቀት። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ትራስ ነው የምታውቀው። የመጀመሪያዋ መስመር ከክዳኑ ሥር ብቅ ስትል በመዳፌ ሸፈንኳት። ለዓመታት የተከራከርንባት ቃል ከጣቶቼ ሥር ነበረች፤ ጣቴን ነጠል ባደርግ አነባት ነበር። ግን ከእኔ በፊት መስማት ያለበት ሰው ነገ ጧት ይሄዳል።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። መጀመሪያ በቁጣ ነበር፤ ኮላውንም፣ ፎቶውንም፣ ፊታቸውን ያዞሩትንም መጻሕፍት አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። ሐናንም ዝም አላለችም።

«እርስዎ መቼ ነው መጽሐፍ ሊያነቡ የመጡት?» አለች። «ኬክ ሊገዙ ነው የመጡት። ደግሞ እኔ ባልሰቅለው እናቴ ለቁራሌ ልትሰጠው ነበር።»

ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። አባ ከድር ነገ እንደሚሄዱ ስነግራት እሷም ዝቅ አደረገች። «ለአያቴ ሱሪ የሰፉት ሰውዬ ናቸው? የድሮ ፎቶው ላይ ያለው ሰፊ ሱሪ?» አለች። አዎ አልኩ፤ ወደ ግራ የሚወስደው። «ቶሌ፣ እሺ፣ ይውሰዱት» አለችና ወደ ቡና ማሽኑ ዞራ አስተናጋጁን ጠራች። ልጁ ወተት የሚያፈላበትን የእንፋሎት ቱቦ በጎማ አስረዘመና መደርደሪያው ሥር አስገባ። እንፋሎቱ ሲጮህ ኮላው ቀስ በቀስ ለሰለሰ፤ እኔ ጆንያውን እንደ አራስ ልጅ ይዤ እጠብቃለሁ፤ ያላማራቸው ደንበኞች ማኪያቷችን የት ደረሰ ይላሉ። ቦታው ባዶ እንዳይሆን በምትኩ ሌላ አመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁላትና በኋላ አመጣሁ፤ አንድ ጡብ በጆንያ ሰፍቼ፣ አሮጌ ቁልፍ ተክዬ። ዛሬም እዚያው ቆሟል። ሰው አቅፎት ፎቶ ይነሣል። ጡብ።

አባ ከድርን የዐስር ሶላት ሰግደው አልጋቸው ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ልጃቸው ዘይነባ ሻንጣ ታዘጋጃለች። ጆንያውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። እጃቸው ዳር ዳሩን ሄደ፤ ዝምዝማቱን፣ ቁልፉን፣ እንደገና ዝምዝማቱን።

«ይሄ የኔ ስፌት ነው» አሉ። ወደ ብርሃኑ አቀኑት። «አረንጓዴ ነው?»

«አረንጓዴ ነው፣ አባ ከድር።»

የት እንደ ነበር ስነግራቸው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እየሳቁ ነው። «ያ ጀማል» አሉ፣ «ባሻገር ያለው ጨለማ ነው ሲለን የከረመው ለካ ተቀምጦበት ኖሮ ነው።» ሳቃቸው ሲበርድ ጆንያውን መልሰው ሰጡኝ። «አንብብ። ግን አንተ፣ ዛሬ ኪጂባ የለም። ያለውን ብቻ።»

ክዳኑን ገለጥኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የሰባተኛውን መጨረሻ በቃላቸው አሉት፦ «ከዚህ ሁሉ ከዋክብት ባሻገር ያለው ግን»። እኔ ጣቴን አነሣሁና ያለውን አነበብኩ፦ «እስካሁን ምን እንደሆነ አናውቅም። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ቅርባችን እንመለስና ስለ ሽንኩርት ልጣጭ እንነጋገር።»

እውነቱን ለመናገር አንድ ሁለት መላእክት ልጨምር ፈልጌ ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሰው ነበር። ሰውዬው ነገ ይሄዳሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ለሽንኩርት ሊሆን ነው። ዘይነባም መጠቅለሏን ትታ ታየኛለች። አልጨመርኩም።

«ጨረሰ?» አሉ።

«ጨረሰ።»

«አልቀነስክም? አልጨመርክም?»

«እንዳለ ነው፣ አባ ከድር።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «አናውቅም አለ» አሉ ቀስ ብለው። «እዚያ ድረስ ሄዶ፣ ያን ሁሉ አይቶ፣ አናውቅም አለ። ሱብሐነላህ። ሐቀኛ ሰው ነው።» መዳፋቸውን ጆንያው ላይ አሳረፉ። «እንግዲያ መቀሴ ምንም አልቆረጠም።» ፊታቸው ላይ የነበረ አንድ ነገር ሲላቀቅ አየሁ፤ ምን እንደሆነ ስም ልሰጠው አልችልም። ከዚያ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ያለውን በርጩማ በእጃቸው ገፋ አደረጉልኝ። «በል ሽንኩርቱን ቀጥል» አሉኝ።

ቀጠልኩ። ጸሐፊው ስለ ሽንኩርት ልጣጭ የጻፈውን ብታነቡት ሁለተኛ ሽንኩርት ስትልጡ እጃችሁ ይፈራል፤ አንዱ ልጣጭ በሌላው ውስጥ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ መስኮት ነው ይላል። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሼ ሁለተኛውን ስገልጥ አስታውሳለሁ። ከዚያ የማስታውሰው የዘይነባን ድምፅ ነው። መጽሐፉ ከእጄ ወጥቶ እሷ ዘንድ ነበር፤ ከአባቷ እግር አጠገብ ተቀምጣ ብዙ ገጽ ርቃ ሄዳለች፣ አባ ከድር አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው ያዳምጧታል። እኔ በርጩማው ላይ ግድግዳ ተደግፌ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ዘይነባ ቀና ብላ ልትቀሰቅሰኝ ስትል ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«ተዪው» አሏት። «በሕይወቱ አንድ ጊዜ እውነት ተናግሮ ደክሞታል።»

ምሳ በዝቶብኝ ነው፣ ቤቱ ሞቆኝ ነው ብል ማንም ያምነኛል፤ ግን አይደለም። ስንቱን ካፌ የምሰድብ ሰው፣ መጽሐፍ ከገለጥኩ ሁለተኛውን ገጽ ሳልጨርስ እተኛለሁ። ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ቀን ባለቤቴ ከመደርደሪያው መጽሐፍ አንሥታ ታቀብለኛለች።